ራጁ ንጹሕ ነው፣ ትንፋሹ ግን ወርዷል

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ «ታላቅ ወንድሜ 43 ዓመቱ ነው። ሳንባው ጠባሳ ሆኖበት ሕንድ አገር ቼናይ ሄዶ ሁለቱም ሳንባ ከተተከለለት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንደር ከተመለሰ ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ የሚነፋበት ትንሽ መለኪያ ሰጥተውታል። ሁልጊዜ 2.7 ሊትር ያወጣ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ 2.1 ሆኗል። ትኩሳት የለውም። ሳሉም ያን ያህል አይደለም። ደረጃ ሲወጣ ግን ይደክመዋል። ራጅ ተነሣና ‹ሳንባው ንጹሕ ነው› ተባልን። አንዳንዱ የጎንደር ከፍታ ነው ይለናል። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ ልታጠጣው ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ከመንፋቱ ይልቅ በየወሩ ሲቲ ስካን ቢነሣ አይሻልም? ኤምአርአይስ?»

ይህ ጉዳይ በዚህ ሳምንት ውስጥ መታየት አለበት። የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅም።

ከ2.7 ወደ 2.1 መውረድ ማለት 22 በመቶ መቀነስ ነው። ይህ ቁጥር በኃይል ሲነፋ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚወጣው የአየር መጠን ነው። የተተከለ ሳንባን የሚከታተሉ ሐኪሞች ከምንም በላይ የሚያዩት እሱን ነው። መነሻ የሚያደርጉት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተገኙትን ሁለት ምርጥ ውጤቶች ነው። ሁለቱ ቢያንስ በ3 ሳምንት ልዩነት የተለኩ መሆን አለባቸው። አማካያቸው መነሻው ይሆናል። ከዚህ መነሻ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ ከቆየ፣ የተተከለው ሳንባ ሥር የሰደደ ድክመት ጀምሮታል ተብሎ ይጠረጠራል። ሐኪሞቹ ባጭሩ ክላድ ይሉታል። መውረዱ 3 ወር ከዘለቀና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ይረጋገጣል። ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ይገጥማቸዋል። ይህን የምለው ላስፈራራዎት አይደለም። ወንድምዎ አሁን ያለው መጠርጠሪያው ላይ ነው። ሌላ ሊታከም የሚችል ምክንያት ካለ የሚፈለገውም አሁን ነው፣ ሦስት ወሩ እስኪሞላ ተቀምጦ አይደለም።

መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን ላሉት፣ ሊሆን ይችላል። አፍ ላይ በደንብ ካልተያዘ አየር በጎን ያመልጣል። በግማሽ ልብ የነፋም ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ ሆስፒታል ሄዶ በትልቁ መለኪያ ባለሙያ እያየው ይንፋ። ሦስት ተቀራራቢ ውጤት እስኪገኝ ይደጋገም። ቤት ውስጥ ሲለካ ደግሞ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ አቀማመጥ ይሁን። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ግን አይንፋ። አንድ ወር ሙሉ 2.1 ላይ የተቀመጠ ቁጥር የመለኪያ ስሕተት ነው ብዬ ለማመን ግን ይከብደኛል።

ከፍታው የሚነካው ሌላ ቁጥር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቼናይ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከዚያኛው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ቼናይ ላይ የጣት ኦክስጅን መለኪያው 98 ያነበበለት ሰው ማራኪ ላይ 94 ወይም 93 ቢያነብ አይገርምም። የሕንዶቹ ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ ሊደነግጡ ስለሚችሉ የከተማውን ከፍታ ይንገሯቸው። በሴኮንድ የሚወጣው ትንፋሽ ግን በከፍታ ምክንያት 22 በመቶ አይወርድም። ደግሞስ ዓመት ሙሉ እዚሁ ከተማ 2.7 ሲያወጣ አልነበር እንዴ? ጎንደር ባለፈው ወር ከፍ አላለችም።

አሁን ወደ ራጁ። «ሳንባው ንጹሕ ነው» ብሎ የጻፈው ባለሙያ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ራጅ የሳንባን መልክ እንጂ ሥራውን አያሳይም። የአንጥረኛን ወናፍ ፎቶ ቢያነሡት መቀደድ አለመቀደዱን ያዩ ይሆናል። ምን ያህል እንደሚነፋ ግን ከፎቶው አያውቁም። ራጅ የሚይዘው ትልልቁን ነገር ነው፦ ሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃ፣ የለየለት የሳንባ ምች፣ የተኮማተረ የሳንባ ክፍል፣ ከፍ ብሎ የቀረ ዲያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ)። እነዚህ አለመኖራቸውን ማወቅ ጥሩ ነው። እኛን የሚያሰጋን ግን ውፍረታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ናቸው። የሰውነት መከላከያ የተተከለውን ሳንባ እንደ ባዕድ እያየ ቀስ በቀስ ሲያጠቃቸው ውስጣቸው በጠባሳ ይደፈናል። አየሩ ይገባል፣ መውጣት ግን ያቅተዋል። ይህ ነገር ለወራት ሲካሄድ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። እንዲያውም ንጹሕ ራጅና የወረደ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

ሲቲ ስካን እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ጎንደር ውስጥ ሲቲ ስካን ይሠራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማሽኑ ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ወረቀቱ ላይ «የደረት ሲቲ» ብቻ ከተጻፈ ራዲዮግራፈሩ «ሳብ፣ ያዝ» ብሎ አንዴ ያነሣዋል። ለወንድምዎ ይህ ግማሽ ምርመራ ነው። ጤነኛ ሳንባ አየሩን ሲያወጣ ይሰበሰባል፣ ምስሉም ግራጫ ይሆናል። አየር የታገተበት ቦታ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። አየር ስቦ ብቻ በተነሣ ምስል ላይ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ ልዩነቱ አይወጣም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት፦ አንዴ አየር ስቦ፣ አንዴ አውጥቶ። ምስሉ በቀጭኑ ይቆረጥ፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ለዚህ ጥያቄ አያስፈልግም። ታክሮሊመስ፣ ማለትም ሰውነት የተተከለውን ሳንባ እንዳያጠቃ መከላከያውን የሚያፍነውን መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በመድኃኒቱ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሳያስፈልግ ቀለም አይጨመርበት። ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ከተጠረጠረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ቀለም የግድ ነው። ኩላሊቱ ታይቶ ይሰጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሁሌ የምንነታረክበት ስለሆነ። አየር አውጥቶ የሚነሣው ምስል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ታካሚው በደንብ ሳያወጣ ስለሚነሣ ነው። ሰው ጋደም ብሎ፣ ማሽን ውስጥ ገብቶ፣ ትእዛዙ በድምፅ ማጉያ ሲመጣለት ግራ ይገባዋል። ወንድምዎ አልጋው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመድ፦ እስከ መጨረሻው አውጣ፣ ያዝ፣ አትሳብ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪምም ዋናውን የአየር ቧንቧ ይመልከት። አየሩ በትክክል ሲወጣ የቧንቧው የኋላ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ክብ እንደሆነ ከቀረ ታካሚው አላወጣም ማለት ነው። ያ ምስል «አየር አልታገተም» ለማለት አይበቃም፣ ይደገም።

ሲቲው ምን ሊነግረን ይችላል? ጥቁርና ግራጫ ተዘበራርቆ ከታየና ቧንቧዎቹ ሰፋ ሰፋ ካሉ፣ ትንንሾቹ ቧንቧዎች እየተደፈኑ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል። ሁለተኛ ዓይነት ድክመትም አለ። በዚህኛው የሚጎዱት ቧንቧዎቹ ብቻ አይደሉም፣ ሳንባው ራሱ ይጨማደዳል። ነጭ ጥላና ጠባሳ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው ክፍል ላይ። የሳንባው ጠቅላላ መጠንም ይቀንሳል። ይህኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ፍጥነቱም የተለየ ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ትንፋሹና ሲቲው ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ሲቲው ሌላም ነገር ሊያገኝ ይችላል፦ የተሰፋበት ቦታ የጠበበ ቧንቧ፣ ገና ራጅ ላይ ያልወጣ ኢንፌክሽን፣ ፈሳሽ። የጠበበ ቧንቧ ከተገኘ ያው መልካም ዜና ነው ማለት ይቻላል፤ በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ተለጥጦ ይከፈታል።

ሲቲው የማይችለውንም ልንገርዎት። መጀመሪያ ላይ ክላድ ጀምሮም ሲቲው ደህና ሊመስል ይችላል። ትንሽ የታገተ አየር ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። ድንገት የሚነሣ የሰውነት አለመቀበልና ኢንፌክሽን ምስል ላይ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የደበዘዘ ነጭ ጥላና የፈሳሽ ምልክት ይሰጣሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ መከላከያውን የበለጠ ማፈን ይፈልጋል። ሌላው መከላከያው በታፈነ ቁጥር ይብሳል። እኔ ምስል አንባቢ ነኝ፣ ለሙያዬ ባደላ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ግን በምስል ብቻ የሚለይ ሰው አላየሁም። ሳንባው በብሮንኮስኮፒ ታጥቦና ቁራጭ ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው።

እኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ፣ እሱም ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። መከላከያው በመድኃኒት የታፈነ ሰው በቀላሉ ይያዛል፣ ቲቢውም እንደለመድነው ዓይነት መልክ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መመርመር አለበት። አክታ ካልወጣው በጨው ውሃ ጭጋግ ይሞከር። ወጥመዱ ያለው በሌላ በኩል ነው። የሳንባውን የላይኛውን ክፍል የሚያጨማድደው ሁለተኛው ዓይነት ድክመት ፊልም ላይ የድሮ ቲቢ ይመስላል። እዚህ የምንሠራ ሰዎች ዓይናችን ቲቢ ስለለመደ እጃችን ወደዚያ ይፈጥናል። አንድ ሰው «ይህማ ቲቢ ነው» ብሎ ሪፋምፒሲን ያለበትን ክኒን ቢጀምርለት፣ ሪፋምፒሲን ታክሮሊመሱን ከደሙ በፍጥነት ያስወግደዋል። መጠኑ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ሳንባውን ማጣት ይመጣል። እውነትም ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ይታከማል፣ መታከምም አለበት። ነገር ግን ከመጀመሪያዋ ክኒን በፊት ሳንባውን ከተከሉት ሐኪሞች ጋር ይነጋገሩ። ምትክ መድኃኒት አለ፣ የታክሮሊመሱም መጠን በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል።

ዳማከሴውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናትዎን አላስቀይም። ነገር ግን የታክሮሊመስን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ምግቦችና መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ግሬፕፍሩት እንኳ ክልክል ነው። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችና ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ቡና ላይ ጠብ የሚደረግም ሆነ ተጨምቆ የሚጠጣ ቅጠል፣ ፌጦም ሆነ ጥቁር አዝሙድ በመድኃኒትነት አይሰጠው። ለወጥ ማጣፈጫ የሚገባው ቅመም አያሳስበኝም።

በየወሩ ሲቲ ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። የአንድ ራጅ ጨረር 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የተለመደ የደረት ሲቲ 6 ወይም 7 ይደርሳል። ሰው ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓመት ከ2 እስከ 3 ያህል ነው። በየወሩ የሚነሣ ሰው በዓመት ከ70 በላይ ይሰበስባል፣ ያውም አየር አውጥቶ የሚነሣው ሳይቆጠር። መከላከያን የሚያፍኑ መድኃኒቶች በራሳቸው የካንሰርን ዕድል ይጨምራሉ። በላዩ ላይ ጨረር መደራረብ ትርጉም የለውም። መንፋት ደግሞ ጨረር የለውም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፣ በየቀኑ ይደረጋል፣ ለውጡንም ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መንፊያው ያንቃል፣ ሲቲው ምክንያቱን ይፈልጋል። በደህናው ጊዜ የተነሣ አንድ መነሻ ሲቲ ይኑር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ሲወርድ ወይም አዲስ ምልክት ሲመጣ ይነሣ። አንዳንድ ማዕከላት በዓመት አንዴ ያነሣሉ፣ በዝቅተኛ ጨረር ከሆነ አልቃወምም። አሁን ግን ጨረሩን ፈርተው ሲቲውን እንዳይተዉት። የዛሬው ሲቲ ምክንያት አለው።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ እውነት ነው። ሳንባ ግን በአብዛኛው አየር ነው። ኤምአርአይ የሚያየው ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ስለሆነ የተለመደው ኤምአርአይ ሳንባ ላይ ብዙ አይጠቅምም። ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያየው አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ዜኖን 129 የሚባል ጋዝ በልዩ መሣሪያ ተዘጋጅቶ ታካሚው ይተነፍሰዋል። ጋዙ የደረሰበት የሳንባ ክፍል ይበራል፣ ያልደረሰበት ይጨልማል። አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና የተፈቀደው በ2022 መጨረሻ ነው። በበለጸጉት አገሮችም ያለው በጥቂት ማዕከላት ነው፣ ስለዚህ ለዛሬው ችግራችን አይደርስም። እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ ጀርመን ሃኖቨር ላይ የተሠራው ዘዴ ነው። ጋዝም ቀለምም አይፈልግም። ታካሚው እንደልቡ እየተነፈሰ በተለመደው ማሽን ይነሣል፣ ሶፍትዌሩ አየሩና ደሙ የት እንደደረሰ ያሰላል። ወደ እኛ ቀድሞ የሚመጣ ነገር ካለ እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ሲቲ ላይም ተመሳሳይ ስሌት አለ። የተሳበበትንና የወጣበትን ምስል ነጥብ በነጥብ አጋጥሞ የታገተውን ቦታ በቀለም ይለያል። ለዚህ ነው በቀጭኑ የተቆረጠው ምስል ሙሉው እንዲቀመጥ የምጠይቀው። ቼናዮቹ ሶፍትዌሩ ካላቸው በእናንተው ሲዲ ሊሠሩት ይችላሉ።

አንድ ሳንባ ብቻ የተተከለለት አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ፦ የመንፊያው ቁጥር የሁለቱም ሳንባ ድምር ነው፣ የቀረው የታመመ ሳንባ ሊያደናግረው ይችላል። ለእነሱ በኑክሌር ሕክምና የሚነሣው የአየርና የደም ሥርጭት ምስል የእያንዳንዱን ሳንባ ድርሻ ለይቶ ያሳያል። አልትራሳውንድ ደግሞ ውሃና ዲያፍራም ለማየት ጥሩ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ የሚደረገው። ሳንባ እዚህ አገር አይተከልም። በቅርብ ሆኖ የሚመራችሁ የንቅለ ተከላ ሐኪም ስለሌለ ፋይሉን የምትሸከሙት ቤተሰቦቹ ናችሁ። ዛሬውኑ ለቼናዩ ማዕከል ሁለቱን ቁጥሮች ከነቀናቸው ይላኩ። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሄዶ ይንፋ። ደሙ ለታክሮሊመስ፣ ለኩላሊትና ሲኤምቪ ለሚባለው ቫይረስ ይመርመር። የታክሮሊመሱ ደም የሚቀዳው የጠዋቱን ክኒን ሳይውጥ ነው፣ ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። አክታው ይመርመር። ሲቲው ከላይ እንዳልኩት በሁለት ትንፋሽ ይነሣ። ማዘዣው ላይ «ሁለት ሳንባ የተተከለለት፣ ትንፋሹ በ22 በመቶ የወረደ፣ አየር ስቦና አውጥቶ፣ በቀጭኑ፣ ያለ ቀለም» ተብሎ ይጻፍ። ቼናይ የተነሣውን የድሮ ሲቲ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ማነጻጸሪያ የሚያነብ ሰው ግማሹን ይገምታል። ፊልሙን በስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ አይረባም፣ ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሙሉውን ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ይቀበሉ፣ ሳይዘገዩ። ማሽኖች ሲሞሉ የቆየው ይጠፋል። በራሳችሁም ሆነ በሰፈር ክሊኒክ ምክር ስቴሮይድ አትጨምሩ፣ አንቲባዮቲክም አትጀምሩ። ትኩሳት ከመጣ፣ ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም የጣት መለኪያው ከለመደው እየወረደ ከሄደ ቀኑን አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ወደፊትም 10 በመቶ ያህል ወርዶ ሁለት ቀን ከቆየ ይደውሉ፣ 20 እስኪሞላ አይጠበቅም።

ቼናዮቹ ለብሮንኮስኮፒ ይምጣ ማለታቸው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ካሉ ይሂድ። አውሮፕላን ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ብላችሁ ብትፈሩ፣ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው፣ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። ቤቱ ተቀምጦ ከ90 በታች የሚያነብለት ከሆነ ግን ኦክስጅን እንደሚያስፈልገው ቲኬቱ ሲቆረጥ ለአየር መንገዱ ይነገር፣ የሐኪም ወረቀትም ይያዝ።